የሐሙስ ቀን ትምህርት

አሶሳ ገብታችሁ «ይመር ወፍጮ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የማያውቀኝ ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ዱቄት አይበላም። እስከ ባምባሲ፣ ከዚያም አልፎ፣ እኔ እጄን ያላስገባሁበት ወፍጮ ካለ ገና ያልተገዛ ነው። ዕድሜዬን ለጠየቀኝ ሰው፣ ሃምሳን በር ላይ አስቁሜው እየተከራከርን ነው እላለሁ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሞተር ሳወርድ አጠገቤ የቆመ መሐንዲስ «ማን አስተማረህ?» ሲለኝ «ራሴ!» እላለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። እውነት ነው። ግን «ራሴ» የምትለዋ ቃል ከየት እንደመጣች አልነገርኩትም። ለእናንተ ልንገራችሁ። ነገሩ ከአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን የተፈጸመ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከወሎ ነው የመጣነው። በዚያ ድርቅ አባትና እናታችን አፈር ከለበሱ በኋላ እኔና ታናሽ እህቴ ሰዓዳ በአንድ አውቶቡስ ተጭነን እዚህ ሰፈርን። የሰፈራ መንደሮች ያኔ ስም አልነበራቸውም፣ ቁጥር ነበር የሚሰጣቸው። የእኛን ቁጥር ተዉት፣ አሁን ጥሩ ስም ወጥቶለታል። እኔ የትራክተር ረዳት ሆንኩ። ቅባት መቀባት፣ ዝገት መፋቅ፣ ሾፌሩ ሲተኛ መሪውን መያዝ። ሰዓዳ ደግሞ ስምንተኛን ጨርሳ ስለነበር ከተማ ገብታ ዘጠነኛ ጀመረች።

ከመንደራችን እስከ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መሐል ላይ ቀርከሃው የሚጀምርበት የእንጨት ድልድይ አለ። ቀርከሃው ውስጥ አውሬ አለ ስለሚባል፣ ከሥራ ስወጣ ድልድዩ ድረስ ሄጄ እቀበላታለሁ። ሰዓዳ አንድ አመል አላት። የተማረችውን ለሰው ካላስረዳች አይጸናላትም። ቤት ስንደርስ ደግሞ መብራት የለም። ስለዚህ ከድልድዩ እስከ ቤት የዕለቱን ትምህርት በሙሉ እኔ ላይ ታወርድብኛለች። ቆም ትልና በእንጨት ቀይ አፈሩ ላይ ትጽፋለች፣ እኔ ካልገባኝ በእግሯ ታጠፋውና እንደገና ትጽፋለች። «አያ፣ ገባህ?» ትላለች። «ገባኝ» ካልኩ «እስቲ አንተ አስረዳኝ!» በዚህ ሁኔታ ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል በእግሬ ጨረስኩ።

ይህን ሁሉ ይዤ ዝም እላለሁ እንዴ? መንደር ውስጥ ሊቅ ሆንኩ። የማውቀውን አወራለሁ፣ የማላውቀውን ደግሞ አስፍቼ አወራለሁ። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ጨረቃ ስንት ኪሎ ትመዝናለች ቢሉኝ «በየትኛው ወር?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከዚህ ምላሴ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ጤና ረዳቱ መድኃኒት ይዞ መንደራችን ይመጣል። ከወንዙ ማዶ ያሉት የበርታ ጎረቤቶቻችንም ይመጣሉ። እሱ በርታኛ አይችልም፣ አብዛኞቹ እናቶች ያኔ አማርኛ እምብዛም አይችሉም። አንድ ቀን ወገቡን ያመመው ሽማግሌ የትል መድኃኒት ይዞ ሄደ። ሌላ ቀን የአራት ቀን ኪኒን ባንዴ የዋጠች ሴት በቃሬዛ ተመለሰች። ሰዓዳ ደግሞ ሐዋ ከምትባል ማንጎ ነጋዴ በርታኛ ለምዳ ነበር፣ እንደ ወፍ ነው የምትዘምረው። ጤና ረዳቱ «እሷ ከሌለች እኔም አልመጣም» አለ።

ስብሰባ ተጠራ። በእኛ መንደር ያኔ ሁሉም ነገር በእጅ ማውጣት ነው የሚወሰነው፣ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታም፣ የሰከረ ሰው የሚገሠጽበት ቀንም። ሊቀመንበሩ ጋሽ እንድሪስ ተነሡና፣

«ሰዓዳ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ትቅርልን እያልን ነው። ግን ካርዷ ይበላሽ ይሆን?» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሊቁ እኔ ነኛ!

«ካርድ ምን ያደርጋል!» አልኩ። «ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ማትሪክ ነው። ካርዱን የሚያየው የለም። ቤት ገብታ ግድግዳ ላይ ብትለጥፈው ነው።»

ከየት አመጣሁት? ከየትም። ማንንም አልጠየቅኩም። እጆች ወጡ፣ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሰዓዳ አየት አደረገችኝና «አያ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለች። «አብሽሪ!» አልኳት።

የተማሪ ቤቱ ሳምንታዊ ፈተና ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ነበር፣ የሁሉም ትምህርት። ከፈተናው በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ ኬሚስትሪ ነው፤ አስተማሪው ከሌላ ቦታ እየተመላለሰ ስለሚያስተምር የሱን ክፍለ ጊዜ ሐሙስ ላይ ጠቅጥቀውት ነበር። ስለዚህ ሰዓዳ ሳምንታዊ ፈተና የሚባል ሳትፈተን፣ ኬሚስትሪ የሚባል ሳትማር አራት ዓመት ከረመች። ካርዷ ቀይ በቀይ ሆነ። ከሃምሳ ሁለት ተማሪ ሠላሳ ስምንተኛ። አስተማሪ «ለምን ቀረሽ?» ሲላት «ሥራ ነበረኝ» ትላለች እንጂ አንድ ቃል አትጨምርም። የእኔ ተቃራኒ ናት። የእናታችንን ሆድ ስንካፈል ምላሱን ሁሉ ጠቅልዬ ወስጄባታለሁ።

ማትሪክ መጣ። ውጤት መጣ። ሒሳብ ኤ፣ ፊዚክስ ኤ፣ እንግሊዝኛ፣ ባዮሎጂና ጂኦግራፊ ቢ። ሦስት ነጥብ አራት! ኬሚስትሪ ግን ዲ። የሚቆጠሩት የተሻሉት አምስቱ ስለሆኑ ያቺ ዲ ቁጥር ውስጥ አልገባችም። መንደሩ ጨፈረ። እኔማ የጨፈርኩት ራሴ የተፈተንኩ ያህል ነው።

ከዚያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የእህል መኪና ሾፌር አንድ ወረቀት አቀበለኝ። ከትምህርት ቤቱ ነው። እንዲህ ይላል፤ ተማሪ ሰዓዳ በአራት ዓመት ያስመዘገበችው የክፍል ውጤትና የማትሪክ ውጤቷ ፈጽሞ የማይጣጣም ሆኖ ስለተገኘ፣ ኮርጃለች የሚል ጥርጣሬ ቀርቧል። ነገ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከትምህርት ሚኒስቴር በመጡት አጣሪ ፊት ቀርባ ትጠየቅ። ካልቀረበች አጣሪው እኩለ ቀን ላይ ይዘውት ከሚሄዱት የዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ዝርዝር ስሟ ይሰረዛል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካርዱን የሚያየው ሰው ተገኘ፣ ጎበዝ!

ሰዓዳ የት ናት? ጎጆ ውስጥ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። ሐሙስ ሰው ስታሳክም ውላ ማታውኑ ወባዋ ተነሣባት። ግንባሯ ላይ በቆሎ ይጠበሳል። ወረቀቱን አነበብኩላት።

«እሄዳለሁ» አለች። ተነሣች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ምሰሶውን አቀፈች። መልሼ አስተኛኋት።

ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሮጥኩ። ደወል ተመታ፣ ሰው ተሰበሰበ። ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ማነው ኮረጀች ያለው?» አለ አንዱ ከኋላ። «ስሙ ይነገረን!»

«ስም የለውም።»

«እንግዲያው እኛ ስም አለን» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ያ ጀማዓ! ሰዓዳ አልኮረጀችም የምትሉ እጅ አውጡ!»

መንደሩ በሙሉ እጁን አወጣ። አንዲት እናት ሁለቱንም አወጡ፣ «አንዱ የልጄ ነው፣ ትራክተር ላይ ነው ያለው» ብለው።

«ኮረጀች የምትሉ?» ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ዝም። «ይመር፣ ቃለ ጉባኤ ጻፍ!»

አስቡት እንግዲህ። የማትሪክ ውጤትን በእጅ ማውጣት ያጸደቀ መንደር ከእኛ በፊትም የለ፣ ከእኛም በኋላ የለ። ሁልጊዜ ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው ሰዓዳ ነበረች፣ ያን ቀን በእኔ የዶሮ ጭረት ተጻፈ። አንደኛ፣ ሰዓዳ አለመኮረጇ በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል። ሁለተኛ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ያስቀረናት እኛ ነን፣ ጥፋቱ የመንደሩ ነው። ሦስተኛውን የጨመሩት ጋሽ እንድሪስ ናቸው።

«ያቺ ኬሚስትሪ የምትባለዋ ዲ ደስ አላለችኝም። ‹ቢያንስ ወደ ሲ ከፍ እንድትደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን› በል።»

«ጋሽ እንድሪስ፣ እሱ እንኳን...»

«ድምፅ ይሰጥበት!» አሉ። ተሰጠበት። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ጻፍኩት። ከሥሩ ያ ሁሉ ሰው አውራ ጣቱን አተመ።

ያን ሁሉ ሲያደርጉ ማንም አልወቀሰኝም። «ካርድ ምን ያደርጋል» ያልከው አንተ አይደለህም ወይ ያለኝ የለም። ይኼ ነበር የከበደኝ።

ጠዋት ጎህ ሲቀድ ቃለ ጉባኤውን ይዤ ልወጣ ስል ሰዓዳ ዓይኗን ገለጠች። እጄን ያዘች። እጇ ፍም ነው።

«አያ፣ እዚያ ሄደህ እንዳትፎክር።»

«እኔ መቼ...»

«አያ!»

«እሺ።»

«የምታውቀውን ብቻ ተናገር። የማታውቀውን አላውቅም በል። ማልልኝ።»

«ወላሂ» አልኩ። «ትራክተሩን ተሸክመህ ሂድ» ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

ድልድዩ ላይ ሐዋን አገኘኋት። ማንጎዋን በቀርከሃ ቅርጫት ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ለቅዳሜ ገበያ ትሄዳለች። ጠና ያለች፣ ሳቂታ፣ አማርኛን እንደ ፍየል ጠምዝዛ የምትነዳ ሴት ናት።

«ይመር! ሰዓዳ የት ነው?»

«ታማለች ሐዋ። ወባ።» ነገሩን ሁሉ ነገርኳት።

ቆመች። ቅርጫቱን አወረደች። «ሰዓዳ ሌባ ነው አለ? ማን አለ?»

«ትምህርት ቤቱ።»

«እኔ ይሄዳል» አለች፣ ቅርጫቱን መልሳ እየተሸከመች። «ሐሙስ ሰዓዳ የት ነው? እኛ ጋ ነው። እኔ ያውቃል። ትምህርት ቤት አያውቅም፣ እኔ ያውቃል!»

«ገበያሽስ?»

«ማንጎ አይሮጥም» አለች።

ትምህርት ቤቱ ቢሮ ስንገባ ዳይሬክተሩ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል፣ ዝምተኛ፣ ደከም ያሉ ሰው ናቸው፣ በዚያው ዓመት የተዛወሩ። አጠገባቸው አጣሪው አሉ። ካኪ ልብስ፣ ወፍራም መነጽር፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ። እኔ በሕይወቴ ሦስት እስክሪብቶ ባንዴ የያዘ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

«ጌታዬ...» ስል፣

«ጓድ በል» አሉኝ አጣሪው። «ተማሪዋስ?»

«ወባ ይዟት ተኝታለች ጓድ። እኔ ወንድሟ ነኝ።»

«ለጥያቄ ስትጠራ ታመመች።» ወደ ዳይሬክተሩ አዩ። «እንደጠበቅነው።»

ቃለ ጉባኤውን አቀረብኩ። አነበቡት። አውራ ጣቶቹን በገረሜታ ቆጠር ቆጠር አደረጉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዲዋ ወደ ሲ ከፍ ትደረግልን?»

«እሱ የጋሽ እንድሪስ ነው ጓድ።»

«ፈተና በእጅ ማውጣት ይታረማል እንዴ? ይኼ ቀልድ ነው!» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ከሃምሳ ሁለት ሠላሳ ስምንተኛ የወጣች ልጅ፣ የክፍሉ አንደኛ አጠገብ ተቀምጣ ተፈትና፣ ሦስት ነጥብ አራት። እኔ ምን ልበል? አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?»

ሐዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እኔ ይናገራል» አለች። «ሐሙስ ሰዓዳ እኛ ጋ ነው። ሐኪም ይናገራል፣ ሰዓዳ ይናገራል፣ እኛ ይሰማል። ልጄ ሞቶ ነበር፣ ሰዓዳ አዳነ። ሌባ አይደለም። ወላሂ!»

ዳይሬክተሩ ቀና አሉ። የስም መቆጣጠሪያውን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረዱና በጣታቸው መሥመሩን እየተከተሉ ገለበጡ። ሐሙስ፣ ቀሪ። ሐሙስ፣ ቀሪ። ሐሙስ፣ ቀሪ።

«እውነት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የሐሙስ ፈተና ላይ አልነበረችም። ካርዷን ያበላሸው ይኼ ነው። ሲሶው ነጥብ የሚያዘው ከዚያ ነው።»

አጣሪው አልተበገሩም። «መቅረቷ ካርዷን ያስረዳል። ማትሪኩን ግን አያስረዳም። ሐሙስ ሐሙስ እየቀረ ኤ የሚያመጣ ሰው ማን አስጠንቶት ነው?»

«እኔን እያስጠናች ነዋ!» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ።

«አንተ ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«አራተኛን አቋርጫለሁ ጓድ። ግን ከድልድዩ እስከ ቤት አስራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ።» የመንገዱን ነገር አስረዳሁ። እንዳልፎክር የማልኩትን እያስታወስኩ፣ በጥቂቱ ብቻ ፎከርኩ።

አጣሪው ጠመኔ አነሡ። መጀመሪያ የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። ሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ ሦስት፣ ሰባት፣ አስራ አንድ፣ አስራ አምስት... «እንዲህ እየሄደ ሃያ ቁጥር ነው። ድምሩን አምጣ።»

ሳቅሁ። ይቺን ሰዓዳ በመንገድ የነገረችኝ ሣር የሚሸከሙ ሰዎች አድርጋ ነው። የሥራ ቡድን መሪያችን ደካማውን ከጉልበተኛው ያጣምራል፣ ሁሉም ጥንድ እኩል እንዲሸከም።

«ሃያኛው ሰባ ዘጠኝ ነው» አልኩ። «ከመጀመሪያው ከሦስት ጋር ሳጣምረው ሰማንያ ሁለት። ሰባትን ከሰባ አምስት ጋር ባጣምር ያው ሰማንያ ሁለት። ጥንዶቹ አስር ናቸው። ስምንት መቶ ሃያ።»

ሐዋ ምን እንደተባለ ባይገባትም «ኸይር!» አለች።

የፊዚክስ አመጡ፣ ስለ መፈንቅልና ስለ ክብደት። ትራክተር ጭቃ ሲገባ በግንድ የሚያነሣ ሰው ይኼን ይሳሳታል? ሠራሁት። አጣሪው ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። እኔ ደግሞ ጨርሶ ተፈታሁ። ደረቴ ተነፋ፣ እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ። ያኔ ሦስተኛውን ጠየቁኝ።

«የትራክተር ሰው ነኝ ብለሃል። ብረት ሲዝግ ምን እየሆነ ነው? በኬሚስትሪ ቀመር ጻፈው።»

ጎበዝ፣ ዝገት! ዝገትን ፍቄ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ! አፌ ለብቻው ተከፈተ። ብረት ቅባት ሲያጣ ደሙ ይደርቃል ልል ነው፣ ዝናብ ውስጥ ያለ አሲድ ነው ልል ነው፣ ሁለት ሦስት ፊደል ደርድሬ መሐል ላይ መደመር ላደርግበት ነው። ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ አስደግፌያለሁ። ብሞክር ምን ይቀርብኛል? የእህቴ ዕድል አፋፍ ላይ ነው፣ ዝም ካልኩ «ይኸው፣ አታውቅም» ይላሉ። አንዲት ዘርፈጥ ያለች ውሸት እንደ ድልድይ ታሻግረን ይሆናል።

ከዚያ ያቺ ፍም እጅ ትዝ አለችኝ። ከዚያ «ካርድ ምን ያደርጋል!» ያለው የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እህቴን እዚህ ያደረሳት ያ ድምፅ ነው።

ጠመኔውን አወረድኩ።

«ዝገቱን አውቀዋለሁ ጓድ፣ ቀመሩን ግን አላውቅም» አልኩ። ድምፄን ራሴ አላወቅኩትም።

«አላውቅም?»

«አላውቅም። ኬሚስትሪ አንድም ቀን በመንገዳችን አልመጣም። ሐሙስ ሐሙስ ነዋ የሚሰጠው። ሐሙስ እሷ ትምህርት ቤት አትሄድም፣ እኔም ድልድዩ ጋ አልሄድም።»

እኔ ወለሉን አያለሁ፤ በቃ፣ አበላሸሁት ብያለሁ። አጣሪው የሰዓዳን የማትሪክ ወረቀት ሳቡና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ኬሚስትሪ ዲ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረው፣ «ያ አጠገቧ የነበረው የክፍሉ አንደኛ፣ ኬሚስትሪ ስንት አመጣ?»

ዳይሬክተሩ ዝርዝሩን አዩ። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። «ኤ» አሉ።

አጣሪው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «የሚኮርጅ ሰው አምስቱን ኮርጆ፣ አጠገቡ ኤ እያለ፣ ኬሚስትሪ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል?» አሉ። «ልጅቷ የማታውቀው ያልተማረችውን ነው። ወንድሟም የማያውቀው እሷ ያላስተማረችውን ነው። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ላምጣ?»

ከሦስቱ እስክሪብቶ አንዱን መዘዙ። ፈረሙ። ዳይሬክተሩ ማኅተሙን ሲመቱት ሐዋ እልል አለች፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ሠርግ መስሎት በመስኮት አየ።

ልንወጣ ስንል አጣሪው ቃለ ጉባኤውን አንሥተው ሰጡኝ። «ለሊቀመንበርህ ንገርልኝ» አሉ። «ዲዋ ወደ ሲ ከፍ ብትል ኖሮ እህትህን አሰርዛት ነበር።»

ሐዋ ከማንጎዋ አምስት አወጣችና አንድ ለአጣሪው፣ አንድ ለዳይሬክተሩ፣ ሦስት ለሰዓዳ ሰጠች። ለእኔ? «አንተ አላውቅም አለ» ብላ ሳቀችብኝ።

ያን መንገድ እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። ሰዓዳ ኪኒኑ ያዝ አድርጎላት ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች። ፈርመዋል፣ ማኅተም ተመቷል፣ ትሄጃለሽ አልኳት። ዓይኗን ጨፍና «አልሐምዱሊላህ» አለች። ቆይታ፣

«ምን ጠየቁህ?»

«ሒሳብ ሠራሁ። ፊዚክስ ሠራሁ። ኬሚስትሪ ጠየቁኝ።»

ደነገጠች። «ምን አልካቸው?»

«አላውቅም አልኩ።»

«ዋሽተሃል።»

«ወላሂ!»

«አንተ? አላውቅም አልክ? በአፍህ?» ሳቅ ጀመራት። ሳል እየተቀላቀለባት፣ ብርድ ልብሱን ነክሳ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ስነግራት ያልሳቀችውን ሳቅ «አላውቅም» ማለቴን ስትሰማ ሳቀችው። ጋሽ እንድሪስ ሳቁን ሰምተው መጡ። የዲዋን ነገር ስነግራቸው ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡና «እንግዲያው ሦስተኛው ውሳኔ ይሻርልን» አሉ። ድምፅ ተሰጠበት። በሙሉ ድምፅ ተሻረ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የዛሬ ልጆች ወርክሾፔ እየመጡ «ጋሼ፣ የዘጠነኛ ክፍል ውጤት ለዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። ድሮ ቢሆን በአንድ ትንፋሽ መልስ ነበረኝ። አሁን «ደንቡ በየጊዜው ይለዋወጣል፣ የዘንድሮውን አላውቅም፣ ሂዱና መምህራችሁን ጠይቁ» እላቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ያ ቀይ ካርድ የሆነ ቀን አንድ ባለ ሦስት እስክሪብቶ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ ያኔ ስለ እናንተ የሚያወራው እሱ ብቻ ነው። እናንተ ወላጆችም፣ ልጁን ከትምህርት ስታስቀሩ ምክንያቱን ጽፋችሁ ላኩ። የእኛ ቃለ ጉባኤ አራት ዓመት ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ለእኔ ሥራም ያቺ ቃል ናት የጠቀመችኝ። ባለ ወፍጮዎች ለምን እንደሚያምኑኝ ታውቃላችሁ? የማላውቀው ሞተር ሲመጣ «ይኼን አላውቀውም፣ ሦስት ቀን ስጡኝና ልወቀው» እላለሁ። ሌላው ሁሉ አውቃለሁ ብሎ ፈቶ መግጠም ያቅተዋል። ከዚያ ተመልሰው እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ብሎኑን በጆንያ ይዘው። በአላውቅም ብዛት እንደ እኔ የታወቀ ባለሙያ ካለ ይምጣና እንወዳደር!

ሰዓዳ ሄደች። ሒሳብ አጠናች፣ አሁንም ሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ያስተማረቻቸው ልጆች እኔን ሊጠግኑ የሚችሉ መሐንዲሶች ሆነዋል። የሄደች ቀን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆማ፣ ከሻንጣዋ አንድ መጽሐፍ አወጣችና ሰጠችኝ። ሽፋኑ ያልተጨማደደ፣ ምንም ያልተነካ ኬሚስትሪ።

«ከእንግዲህ ድልድዩ ላይ ማን ያስተምርሃል?» አለችኝ።

«ራሴ» አልኩ። ያን ቃል ያልኩት ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እንግዲያው ይኼን ጨርስና ለእኔ አስረዳኝ» አለች።

በሩ ተዘጋ።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ያልገባኝን ገጽ አሥር ጊዜ አነበብኩ፣ ከሥራ ስመለስ ድልድዩ ጋ ቁጭ ብዬ በእንጨት አፈሩ ላይ ጻፍኩ፣ በእግሬ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። የገባኝን በደብዳቤ ላክሁላት፣ እሷም «አያ፣ ሦስተኛው ገጽ አልገባኝም፣ እንደገና» እያለች መለሰችልኝ። ስለዚህ ሰዎች «እህትህ አስተማረችህ» ሲሉኝ እውነት ነው እላለሁ፤ ኬሚስትሪን ግን ከእኔ ነው የተማረችው፣ እሷን ጠይቁ።

ወርክሾፔ ግድግዳ ላይ፣ ከመግቢያው በስተቀኝ፣ በዘይት ቀለም የተጻፈ ነገር ታያላችሁ። አንዳንዱ ክታብ ይመስለዋል፣ አንዳንዱ ስልክ ቁጥር መስሎት ሊደውልበት ይሞክራል። አራት ብረት፣ ሦስት ኦክስጅን፣ ውሃ መሐላቸው ገብቶ እያጋባቸው፣ ሁለት ዝገት። ኑና ጠይቁኝ።